የጉላብ ኒሻንና የእኔ አውራ ጣት

ጌጡ ነው የገደለህ። ደብዳቤዬን በእሱ ስም መጀመሬ ያንገበግበኛል፤ ግን አስቀድሞ ይውጣልኝ።

ካሤ፣ የልጅነት ባሌ፣ ማረፊያህ እንዴት ነው? ከተለየኸኝ አራት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ብልህ አትቀየመኝ፤ ጽፌ ሳየው የሚቀርበኝ ይህ ሆነ። አዎ፣ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርሁ። በዚህ ዕድሜዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ ስል የቁስቋም ሰፈር ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ቤቱ እንደነበረ ነው። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ ሸጋ አድርጎ አፈራ፣ የአጥሩን ካብ ግን ዝናብ ናደው።

የማነበው መጽሐፍ ስላልነበረኝ ደብተርህን አወጣሁ፤ ስንቴ የተጣላንበትን የኒሻኖቹን ደብተር። ከሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ወጥተህ በየገበያው የነሐስ ቁራጭ ስትፈልግ መዋልህ ያበግነኝ ነበር። አንዱን ኒሻን ሳንጃ ገበያ ላይ ከበቅሎ አንገት አግኝተህ፣ በአዲሱ ጃንጥላህ ለውጠህ፣ ዝናብ እየመታህ ስትገባ ሦስት ቀን አላናገርሁህም። በወዲህ የንጉሥ ራስ፣ በወዲያ ራቁቱን ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበረበት። ይህን ዕርቃኑን ከእመቤታችን ሥዕል ፊት አታኑርብኝ ብዬ የኒሻኖቹን ሣጥን አልጋ ሥር የከተትሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ፍተሻ መጣ። ክርስትና ያነሣኸው ጌጡ፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። «አልጋ ሥር መገኘቱን ብቻ ነው የሚለው፣ እትዬ ስንዱ» ብሎ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነከረው። ወረቀቱ የሚለው ግን «ባሌ የንጉሥ ኒሻን ሸሽጎ መያዙን አውቃለሁ» ነበር። ክረምቱን ታስረህ ከረምህ፤ ሳል ይዞህ ወጣህ፤ ሁለት ወር አልቆየህልኝም። በጣቴ ስለፈረምሁት አንድም ቀን አልወቀስኸኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብተርህን ፊደል በፊደል እየለቀምሁ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ የጻፍኸው ስለ ጉላብ ነው። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ ሽማግሌ ህንድ፣ በቅሎ ነጂ፤ አንተ ጎረምሳ ሆነህ አብረኸው ስትጭን በአይከል መንገድ ታሞ እጅህ ላይ ሞተ። ኒሻኑን ከአንገቱ አውልቆ የሰጠህ እሱ ነበር። በቀደመው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሸክም ተሸክሞ ያገኘው ነው። ለተዋጊ ብር፣ ለተሸካሚ ነሐስ ይሰጡ እንደነበር አንድ ህንዳዊ የትምህርት ቤት መምህር እንደነገረህ ጽፈሃል። ለካ በሰው አገርም እንዲሁ ነው ብዬ መረረኝ።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። በእያንዳንዱ ኒሻን ጠርዝ ዙሪያ፣ ጥፍር በማይሞላ ስፋት፣ የባለቤቱ ስም ተቀርጿል። የጫኙ፣ የወጥ ቤቱ፣ የውኃ ቀጂው ስም። ከሥሩ እንዲህ ብለሃል፦ «ጉላብ ፊደል አያውቅም ነበር። ሲቀጠር የፈረመው በአውራ ጣቱ ነው። ስሙን ሃያ ዓመት በደረቱ ተሸክሞ አንድ ቀን አላነበበውም።»

ደብተሩን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። የማላውቀው ሰው፣ ባሕር ማዶ ተወልዶ እኛ አፈር የተቀበረ፣ ጣቱ የኔ ጣት ሆነብኝ። ጃንጥላህን ለምን እንደሰጠህ ያን ጊዜ ገባኝ። አንተ ነሐስ አልነበረም የምትለቅመው።

ባለፈው ወር ጌጡ ሣጥኑን መልሶ አመጣ፤ ለካ ኒሻኑ ላይ ያለው ንጉሥ የእንግሊዝ እንጂ የኛ አልነበረም፣ መዝገቡ ይዘጋ ተብሏል። የማኅተሙን ቀለም ከፍቶ ጣቴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ተቀበልሁና ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አሥራ አንድ ኒሻን ተረክቤያለሁ ይላል። ሣጥኑ ውስጥ አሥር ነው ያለው፤ ጠርዛቸውን በደብተርህ ከገለበጥኸው ጽሑፍ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርሁት። «ምነው እትዬ፣ ለአንድ ነሐስ» አለኝ። «የጉላብ የት አለ?» አልሁት። ስሙን ከአፌ ሲሰማ ደነገጠ። ከኪሱ የቁልፍ መያዣውን አወጣ፤ አንተ እጅ ላይ የሞተው ሰው ኒሻን ከቀበሌው ቁልፎች ጋር ይንኳኳል። ፈትቶ እስኪሰጠኝ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ስንዱ ብዬ ጻፍሁ። ይቅር አላልሁትም።

አሁን ኒሻኖቹ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ናቸው፤ ራቁቱ ፈረሰኛም ጭምር። በሙት ዓመትህ ስምህን ሳስጠራ የጉላብንም ጠርቼ እመጸውታለሁ፤ እስክሞት አንዳችሁንም አልዘነጋም። ከእንግዲህ ግን፣ ካሤ፣ ያላነበብሁት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አላሳርፍም።