ፍሬኔን ሳያዩ ላሳለፉልኝ መርማሪ

ለተከበሩ አቶ ባሮክ፣
የመኪና ደህንነት መርማሪና የጋራዥ ባለቤት፣
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ያ የማይደክመው ብዕርዎም እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሕይወት አለሁ፤ በእርስዎ ጥረት ግን አይደለም። ከልጅነትዎ ጀምሮ ስለማውቅዎ እስከ ዛሬ አንተ ስልዎት ኖሬአለሁ፤ በአንድ ፊርማ ሰው ሊያስገድል የሚችል ባለሥልጣን ግን አንቱ መባል ይገባዋል ብዬ ራሴን አርሜአለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። እኔ ጥሩነህ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ዌስተን በሚባለው ሰፈር ከቤቴ ጀርባ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለችኝ። ልጆች ተወልደው አልበቃ ስትለን አቆምኋት፤ ከቆመችም ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላት። ዘንድሮ በበረዶው ወራት አይጥ የበላውን ሽቦ ቀየርሁ፣ ሙጫ የሆነውን ቤንዚን አንጠፍጥፌ ታንኩን አጠብሁ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቼ ገጠምሁ። ሞተሩ ሲነሣ በዚህ ዕድሜዬ ዘለልሁ፣ አልዋሽም። ፍሬኑን ግን አልደፈርሁትም። ፍሬን ባለሙያ ይፈልጋል ብዬ መኪናዋን ብልሹ መኪና በሚያነሣው ቶው ትራክ አስጭኜ እርስዎ ዘንድ መጣሁ፤ ሴፍቲ የሚሉትን የደህንነት ምርመራ አድርገው ወረቀቱን እንዲሰጡኝ፣ በተለይም ፍሬኑን እንዲያዩልኝ ለመንሁ።

እነሆ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። የጋሼ መኪናማ አትፈተሽም፣ ነውር ነው ብለው መኪና ማንሻው ሊፍት ላይ ሳያወጧት፣ አንድ ጎማ ሳይፈቱ በወረቀት ኩባያ ሻይ አቀረቡልኝ፤ ከዚያም ጎማዋን በጫማዎ ጫፍ መታ መታ አድርገው ፈረሙ። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ! ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለቆንጂት፣ ይህ ልጅ ሰው ያከብራል ብዬ አወራኋት።

፪. ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ዌስተን ሮድን ቁልቁል ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥሁ፤ ባዶ። ከፊቴ የትምህርት ቤት ልጆችን የምታሻግረው ወይዘሮ ሀፍሳ ቀይ ምልክቷን ዘርግታ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ተመስገን፣ ልጆቹ ገና ከዳር አልተነሡም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ጎማውን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር እያፋተግሁ፣ ከእሷ አንድ ክንድ ርቄ ቆምሁ። ምልክቷን ኮፈኑ ላይ አስደግፋ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ እስካሁን ምግብ አያስበላኝም።

፫. እዚሁ ሰፈር የምትሠራ ናዝራዊት የምትባል መካኒክ የኋላውን ጎማ ፈታች። የብረቱ የፍሬን ቱቦ ዝጎ ተበስቷል፤ የላስቲኩ ደግሞ ስትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ለመሆኑ ይህን ያሳለፈው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኋት። ሰሙ አቶ ባሮክ? ሊያስገድለኝ የነበረውን ሰው ስም መጥራት አፈርሁ! እርስዎ በይሉኝታ ፈረሙ፣ እኔ በይሉኝታ ዋሸሁ።

፬. ይህ ደብዳቤ አደባባይ የወጣው ግን ስለ እኔ መኪና አይደለም። ያን ዕለት ሻይዬን ስጠጣ ግቢዎ ውስጥ አንድ ነጭ ቫን ቆሞ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቫን። እሱንም ሊፍት አላሳዩትም። የቤተ ክርስቲያን መኪና በጸሎት ይሄዳል ብለው እየሳቁ የሁለቱንም ወረቀት ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው በአንድ ትንፋሽ ፈረሙ። ያ ቫን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ልጆች ጭኖ በፈጣኑ መንገድ በሀይዌይ 400 ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው ካምፕ ይሄዳል። የምትነዳው ፀዲ፣ ፔዳሉ ሰሞኑን ለስልሶብኛል ብላ ለቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ተናግራ ነበር፤ ሴፍቲ እኮ አለው ብለው መለሷት።

የእኔው ጉድ በታወቀ ዕለት ደጋግሜ ደወልሁልዎ፤ ስላላነሡም የእኔንም የቫኑንም ነገር በድምፅ መልእክት ተውሁልዎ። እሑድ ዕለት ግን ሁለት ሽማግሌዎች ኬክ አስይዘው ላኩብኝ። የሰው እንጀራ አትዝጋ፣ ገመናችንን ለባዳ አታሳይ፣ ዝም አይነቅዝም አሉኝ። የፍሬን ቱቦስ? እሱም እኮ ዝም ብሎ ነው የሚበሰብሰው! ቢጨንቃቸው ጊዜ፣ እንግዲያው ሆሣዕናን ብቻ አስቀራት ብለው መከሩኝ። ሆሣዕና የልጄ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከአስራ ሁለቱም አንዷ ናት። የቀሩትን አስራ አንዱን የማን ልጆች ናቸው ብዬ ልሸኛቸው? ኮሚቴው ዘንድም ሄጄ ለመንሁ፤ የእርስዎን ፊርማ አውጥተው አሳዩኝ።

ስለዚህ ትናንት መኪናዬን እንደገና በቶው ትራክ አስጭኜ፣ ቫኑ በሚወጣበት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አግድሜ አቆምኋት። አራቱንም ጎማ ፈትቼ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር ያለ ዘመድ ቤት አስቀምጫለሁ። የቫኑን ፍሬን ሌላ ባለሙያ ጎማ ፈትቶ እስኪያየው ድረስ ከዚያ አልነቃነቅም፤ ቆንጂትም ወንበር ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ነድቼ አነሣታለሁ የሚል ካለ፣ ለመንገድ ብቁ ናት የሚለው የእርስዎ ወረቀት መስተዋቷ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ለሰጡኝ ክብር ወሮታውን ለመክፈል ዕድሜ እንዲሰጠኝ፣ ለእርስዎም ጎንበስ ብሎ ጎማ የሚያይ ወገብ እንዲሰጥዎ እየጸለይሁ፣ በእጅ ፍሬን የተረፍሁት ታላቅ አክባሪዎ፣

ጥሩነህ
ዌስተን፣ ቶሮንቶ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ የተጓዦቹን ዝርዝር የምትይዘው እኅት መቅደስ ደወለችልኝ። ለካ ልጆቹ አስራ አራት ነበሩ። የእርስዎን ሁለቱን ልጆች ያሰረዙት ባለፈው ቅዳሜ ነው አለችኝ፤ ሽማግሌዎቹን ወደ እኔ ከመላክዎ አንድ ቀን አስቀድሞ። ምክንያቱን አልነገሯትም። ታመው እንደሆን ብዬ ሰግቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይማራቸው።