መመለሱን እዩት

ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ፣ ባሏ፣ ትንሿ የልጅ ልጅሽ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ፊት ለፊታችን ሌላ መጋረጃ ሻጭ ከፍቶ ሦስት ወር ሳይሞላው ዘግቷል። ይህ እንግዲህ ሰላምታ ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «እንዴት ነሽ» ብዬ እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ ያኛው ሰላምታ አይደለም።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ ዛሬ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። ፖስታውን ከፍተሽ እዚህ ድረስ ካነበብሽ ግን ግማሹን መንገድ መጥተሻልና ጨርሺው። የሆነውን በተራ በተራው ልንገርሽ፤ ነገር ሳላሰልፍ ማውራት እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ባለፈው ወር የሕክምና ትምህርት ቤቱ ለትልቁ መማሪያ አዳራሽ ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ አዘዘኝ። አሥራ ሁለት መስኮት ነው። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ አንዱ መስኮት ከሌላው አይገጥምም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መለካት ግድ ነው። ሰው ለክቶ ባመጣው ቁጥር ጨርቅ መቁረጥ ስለማልወድ እኔው ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ሰባተኛው መስኮት ጋ መሰላል ላይ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተከፈተና ተማሪው ግር ብሎ ገባ። ልወርድ ስል አስተማሪው አየኝና፣ «አይውረዱ እህቴ፤ እርስዎ መስኮታችንን ይለኩ፣ እኛ ሰው እንለካለን» አለኝ። አጭር፣ ራሰ በራ ሰውዬ ነው። ከጋውኑ ኪስ ጫፏ ላስቲክ የሆነች ትንሽ መዶሻ ስለማትለይ ተማሪዎቹ በሌለበት «መዶሻው» ይሉታል። ስሙን ያውቀዋል፤ ደስ ሳይለውም አይቀርም።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ነርቭና ስለ ሆርሞን ነበር። የነጋዴ ጆሮ መቼም አያርፍም፤ እየለካሁ አዳመጥኩ። አካላችን መልእክት የሚልክበት ሁለት መንገድ አለው አላቸው። ነርቭ ስልክ ነው፤ አንጎል አንዲት ጣት ጋ ይደውላል፣ ጣቷ ታነሳለች፣ ነገሩ ያልቃል፣ ይዘጋል። ሆርሞን ግን ደብዳቤ ነው። ዕጢዋ ትጽፍና ደም ውስጥ ትለቀዋለች፤ በየሰፈሩ ይዞራል፣ ይዘገያል፤ የደረሰው አካል ግን ብዙ ጊዜ ይሠራበታል። አንዲት ባለ መነጽር ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ደብዳቤው በሁሉም ደጅ ካለፈ ሌላው ለምን አይከፍተውም ብላ ጠየቀች። «የሰው ደብዳቤ ስለማይከፍት ነዋ! ሁሉም እንዳንቺ መሰለሽ?» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ፣ እንደ ቁልፍና መቆለፊያ ነው፣ የገጠመለት ብቻ ይከፈታል አላቸው።

ከዚያ በሽተኛ አስገቡ። የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ውጪ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እሱ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን በሹራብ ጨርቅ ጠምጥሞ ገባ። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ሥር ውኃ የቋጠረ ይመስላል። ዕድሜውን ሲጠይቁት ከሩቅ አስታውሶ እንደሚያመጣው ሁሉ ቆይቶ መለሰ፤ ድምፁም ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ነው። መዶሻው ተማሪዎቹን ምን ታያላችሁ አላቸው። አንዱ ልብ አለ፣ አንዱ ኩላሊት አለ፣ አንዷ ሐዘን የገባው ሰው ነው አለች። ከኋላ ወንበር አንድ ቀልደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔን ሰኞ ጠዋት» አለ። ሁሉም ሳቀ። ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ሾፌሩ ብቻውን ሳቀ።

እትዬ፣ ሜትሩ ከእጄ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ዘግይቶ የሚስቅ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ አውቃለሁ።

መዶሻው ሾፌሩን «ጋሼ፣ እዚህ ይንበርከኩልኝ» ብሎ ወንበር ላይ አንበረከከው። እግሩ ከወንበሩ ጠርዝ አልፎ ተንጠለጠለ። ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በመዶሻዋ መታ ሲያደርገው እግሩ ነጠር አለ። ተማሪዎቹ «ደህና ነው» ብለው ሊጽፉ ሲሉ፣ «መሄዱን ተዉት፣ መመለሱን እዩት» አላቸው። ደግሞ መታ። እግሩ ቶሎ ሄደ፤ ሲመለስ ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ፣ ቀስ እያለ ተመለሰ። ስልኩ ይሠራል አላቸው፤ የጠፋው ደብዳቤው ነው። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ መጻፍ አቁማለች። እሷ ስታቆም ሰውየው ይበርደዋል፣ ይከብደዋል፣ ይረሳል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ቀን በቀን ይተኛል።

ሾፌሩ የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ «ከመሪው አንስተው በር ጠባቂ አደረጉኝ። ሚስቴ ሰነፍክ አለችኝ። ጓደኞቼ ጠጥተህ ነው አሉኝ። ምን ሆነህ ነው ያለኝ ግን የለም» አለ።

«ጠጥተህ ነው» የምትለዋን ስሰማ ከመሰላሉ ወረድኩ። የቀሩትን መስኮቶች የለካኋቸው በሌላ ቀን ነው።

በማግስቱ ሱቅ ሳልከፍት ሱቁን አብረን የያዝንበትን የመጨረሻ ሁለት ዓመት ማስታወሻዎቼን አወጣሁ። ማታ ማታ ሱቁን ከመዝጋታችን በፊት ሦስት አራት መስመር ስጽፍ፣ «ደግሞ ማንን ልትከሺ ነው?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅሽ ገና በሰዓቱ ይመጣ ነበር። የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልሽ። «እትዬ ዛሬም ሹራብ ደርባ መጣች። ማራገቢያውን አጠፋችብን።» «ደንበኛ እያነጋገረች የጨርቅ ጣቃው ላይ ተደግፋ አንቀላፋች።» «አራት ሜትር ተኩል ያልኳትን አምስት ተኩል ቆረጠች፤ በዚህ ሳምንት ሁለተኛዋ ነው።» «ስልክ አንስታ ስታናግረው ሰውየው ጌታዬ አላት። ድምጿ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጎረነነው እያለ ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል።» «የቅንድቧ ጫፍ አልቋል። ራሷን ጥላለች።» ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ለብቻዋ፣ «ሳትጠጣ አትቀርም።»

ያቺን ቃል ማስታወሻው ላይ ብቻ አልተውኳትም። ለወንድማችን የነገርኩት እኔ ነኝ። ከእሱ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ሰፈሩ ሄደች። ማን አወራብኝ እያልሽ ጎረቤቱን በሙሉ ስትጠረጥሪ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ መጋረጃ አጥፍ ነበር። ያውም አንቺ፣ የመጠጥ ሽታ ሲመጣብሽ ወንበር የምትቀይሪው ሴት።

መጋረጃውን ልሰቅል ስሄድ ማስታወሻዎቹን ለመዶሻው አሳየሁት። ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበ። ለተማሪዎቼ ላንብብላቸው ወይ ሲለኝ፣ ማን እንደሆነች ካልተነገረ ይቻላል አልኩት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ዘንግ እያስገባሁ፣ እሱ አንድ በአንድ አነበበላቸው፤ እነሱም በየመስመሩ የበሽታውን ምልክት እየጠሩ ተከተሉት። ባለ መነጽሯ፣ «ይህን የጻፈው ሰው ሐኪም መሆን ነበረበት፤ አንድም ነገር አላመለጠውም» አለች። መዶሻው ገጾቹን እየገለበጠ፣ «አንድ ነገር አምልጦታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ በሽተኛዋን ራሷን አንዴ እንኳ ምን ሆነሽ ነው አላለም» አላት።

ቤቴ ገብቼ ፈለግኩ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። እውነቱን ነው፤ አንቺን የጠየቅኩበት ቀን የለም።

በዚያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ በሽተኛዋ አሁን የት ናት ብለው ጠየቁ። መዶሻው ወደ እኔ አየ። እኔም ከመሰላሉ ላይ ሆኜ፣ «የሥራ ቦታዋን ቁልፍ ተቀብለዋት ወደ ልጇ ሄደች» አልኩ። «ማን ነው የተቀበላት?» አለች ባለ መነጽሯ። መጋረጃውን ሳብኩትና አዳራሹ ጨለመ።

ለእሷ ያልመለስኩትን ለአንቺ እመልሳለሁ፤ እኔ ነኝ። ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ እረፊ ስልሽ ብዙ ቆይተሽ «እሺ» ያልሽውን አልረሳሁትም። መቆየትሽን ንቀት ነው ብዬ ነበር።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። ከሁለት ወር በፊት ልጅሽ ደውላልኝ ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ። በመሐል፣ «እማዬ ደህና ናት አክስቴ፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ከብርድ ልብስ አትወጣም፤ ያው እርጅና ነው» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ምን ይደረጋል» ብዬ ዘጋሁ። በሃምሳ ስድስት ዓመት ምን እርጅና አለ? ይህንንም ለመዶሻው ነገርኩት። «ሳላያት ነው ብዬ አልምልም፤ ቁርጡን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው» አለኝ። ከሆነ መድኃኒቱ በየጠዋቱ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት፣ ለዕድሜ ልክ። ሳይታከም ከቆየ ግን፣ በተለይ ብርድ ሲገባ፣ እንቅልፉ ቀስቅሰው የማያነሡት ይሆናል፣ «እዚህ እኔ ጋ ቆመው አያውሩ» አለኝ። የምርመራውን ስም በእጁ ጽፎልኛል፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ታጥፏል። ዛሬውኑ ለልጅሽ ስጫት። እዚያ ካልተመቸሽ ወደዚህ ነይ፤ ሐሙስ ሐሙስ በሽተኛ ያያል። ተማሪ እንዲከብሽ ካልፈለግሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ እኔ ግን እንደማውቅሽ እነሱን አስቀምጠሽ ስለ አለባበሳቸው ትመክሪያቸዋለሽ።

ምርመራው ሌላ ነገር ቢልስ? ቢልም እኔ ያወራሁት አይሰረዝም። ለወንድማችን ደውዬ፣ «አትጠጣም፤ ያኔም አልጠጣችም፤ ከራሴ ነው ያወራሁት» ብዬዋለሁ። «አንቺ?» አለኝ። ይቅርታ ወረቀት ላይ ስለሚቀል እዚህ አልጠይቅሽም፤ ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ።

ልደውልልሽም አስቤ ነበር። ነገር ግን ስልክ መዶሻው እንዳለው ነርቭ ነው፤ ተነስቶ ይዘጋል። አንቺ ደግሞ ድምፄን ስትሰሚ ሳትዘጊው አትቀሪም።

እንግዲህ ጥያቄዬ። እንዴት ነሽ እትዬ? ይበርድሻል? ፀጉርሽ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል? ቀለበትሽ ጣትሽ ላይ ይጠብብሻል? ጠዋት ስትነሺ ያልተኛሽ ይመስልሻል? ስትናገሪ እዚያ ያሉት እስክትጨርሺ ይጠብቁሻል?

መልስሽ ቢዘገይ አልቀየምም። አሁን ሰው ሲዘገይ መቁጠር ትቻለሁ፤ መመለሱን ነው የማየው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ብርዱ ሳይገባ ያገናኘን። የልጅ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ

ልረሳው ነበር። ያን ቀን የሰጠሽኝ አንደኛውን ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛው በቡናማው ቦርሳሽ የውስጥ ኪስ እንደቀረ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ሸሪኩ የሄደበት ነጋዴ በማግስቱ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር መቆለፊያ መቀየር ነው። አልቀየርኩትም።