ከባሕር ዝቅ ያለች መንደር

ሰኞ፣ ማርች 8፣ 2010። ጠዋት።

ባስ ላይ ነኝ። ሰፈራችንን ፍሌሚንግደን ፓርክን ጭጋግ ውጦታል፤ ፎቆቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። እንዲህ ያለ ቀን ሆክዳይክ ትዝ ትለኛለች። አውቃለሁ ማስታወሻዬ፣ ስለዚያች የሆላንድ መንደር ስነግርህ ሰልችቶሃል። ግን ልጄን ሩትን የወለድኩት፣ ባሌን ግርማን የቀበርኩት እዚያ ነው።

ደረስኩ። ሺፍት ልግባ።

ማክሰኞ፣ ማርች 9። ከሥራ መልስ።

ወ/ሮ ኮሪ ደወሉ፣ የሆክዳይክ ጎረቤታችን። ድምፃቸው አርጅቷል። እዚያ አገር የመቃብር ቦታ በኪራይ ነው፤ የግርማ ጊዜ ዘንድሮ ያልቃል። ካልታደሰ አጥንቱ ተነሥቶ ከሌሎች ጋር ይደባለቃል። መቃብሩን የሚያስተዳድረው ቤ/ክ መልስ ይፈልጋል። እሑድ እደውልልዎታለሁ አልኳቸው።

ረቡዕ። የምሳ ረፍት።

ሳንድዊቼን ይዤ መንደሯን በሐሳቤ እዞራለሁ። ወ/ሮ ኮሪ የአገሩን ቋንቋ፣ ደችኛን፣ ያስተማሩኝ መንደሯን እያዞሩኝ ነው። የነፋስ ወፍጮው እህል አይፈጭም፤ ውሃ እየቀዳ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ መሬቱ ከባሕሩ ዝቅ ያለ ነውና። ጀልባ ሲያልፍ ወደ ላይ የሚነሣው የእንጨት ድልድይ። የቤ/ክ ግድግዳ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ የተቀረጸች መስመር፦ ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ሲገባ ውሃው የደረሰበት። ያኔ ወ/ሮ ኮሪ ልጅ ነበሩ፤ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተረፉ። ታናሽ ወንድማቸው አልተረፈም። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። መስመሯን በጓንታቸው ጠረግ አደረጉና መንገዳችንን ቀጠልን።

ግርማ ታሞ ሳለ ይቀልድ ነበር፤ እኔን የደጋ ሰው ባሕር ሥር ልትቀብሩኝ ነው እያለ። ስንስቅ ከረምን። ከዚያ ቀበርነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 13። ከሰዓት።

ለሩት ነገርኳት። አባቷን እንደማታስታውስ፣ መወሰን ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ መለሰች። ተናደድኩ። የሚታጠበውን ልብስ ይዤ ላውንድሪ ወረድኩ።

ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የሆክዳይክን ካርታ ከፍታለች። የመንገዱን ፎቶ በማውዝ እየገፋን መንደሯ ውስጥ አብረን ገባን። ወፍጮው አለ! ድልድዩ ብረት ሆኗል። ዳቦ ቤቱ ፀጉር ቤት። ቤታችንን አሳየኋት፤ ያኔ በሩ አረንጓዴ ነበር። የመካነ መቃብሩ አጥር ላይ ፎቶው ቆመ። ደጋግማ ተጫነች። አይገባም።

"እማዬ፣ አባዬ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር አልኳት። አባዬ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

እሑድ።

ለወ/ሮ ኮሪ ኮል አደረግኩ። ማደስ የሚለው ቃል በደችኛ ጠፋኝ፤ "እዚያው ይቆይ" ነው ያልኩት። ገባቸው። ሩት አጠገቤ ቆማ፣ እንደምንመጣም ንገሪያቸው አለች። ጁላይ ላይ እንሄዳለን፣ ሁለታችንም።