ለቅሶ ያልደረሰው ወንድም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ጠዋት 3፡00

መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ፣ ደብተሬ። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፤ አሸናፊም የለውም። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይጣላል። ተራኪው እኔ ነኝ። ይህን ካልያዝክ የቀረው አይገባህም።

ሥራው፦ 11ኛ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩትን የቆየ ልብ ወለድ ወደ አስፈሪ ጨዋታ መለወጥ። የጠየቀችኝ ሂሩት ናት፤ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ እዚሁ አዳማ ፋርማሲስት። ሙከራው የፊታችን ቅዳሜ፣ ዋናው በሳምንቱ።

ልብ ወለዱ ባጭሩ፦ ሁለት ወንድማማቾች። ታናሹ ቆላ ወርዶ ይሞታል። ታላቁ ለቅሶ አይደርስም። እኔ የጨመርኩት፦ ሟቹ እየመጣ የታላቁን በር ያንኳኳል። ባንኳኳ ቁጥር አንድ ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል። ቤቱን ሶደሬን በመሰለ ፍል ውሃ ዳር አቆምኩት፤ እንፋሎቱ መስኮቱን ይጋርዳል።

31 ገጽ ደርሷል። ለየትዕይንቱ ዓላማ፣ ደቂቃ፣ የሚጠበቅ ምላሽ። እንደ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ። ሌላ አሠራር አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዳይሱ አልሄደልኝም። የተቆለፈው በር የሚከፈተው በሁለት ዳይስ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው፤ ይህ ከስንት አንዴ ይመጣል? በሩ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ፍርሃት የለም፤ ጭራሽ እምቢ ካለ ተጫዋቹ ይሰለቻል። ስምንት ጊዜ አሰላሁ። ሦስት ዓይነት መልስ።

መ/ር ገመቹ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ይነግረኝ ነበር። የሒሳብ መምህር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። ጡረታ ወጥቶ ባቱ ገባ። ባለቤቱ አስቴር ካረፈች ሦስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልኩ አለኝ። አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ከቀኑ 11፡00

ሙከራው አለቀ።

ሂሩት ቤት፣ ከምሳ በኋላ። ሂሩት፣ ባሏ ቶላ፣ ጎረቤታቸው ዘይነባ። ቶላ ታላቁን ወንድም ሆኖ ይጫወታል። የመጀመሪያው ሰዓት ውርደት። ሦስቱም ከመናገራቸው በፊት እጅ ያወጣሉ። ዓይኔ ሲያርፍባቸው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ቶላ ጭራሽ፣ መውጣት ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ የማንኳኳቱ ትዕይንት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ፍርሃት ያዘጋጀሁበት። የቤቱ ሰዎች እራት ላይ ናቸው። በሩ ሦስቴ ይመታል። ቶላ አንገቱን ወደ በሩ አዙሮ በኦሮምኛ ጀመረ፦

«ማነው? ኮቱ፣ ግባ፣ እንብላ።»

ሂሩት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ምን ላድርግ? ሰው እየበላ የመጣ እንግዳ ደጅ ይቆማል እንዴ?» አላት ቶላ።

31 ገጽ ጽፌ ይህን አላሰብኩም። ቢሸሹ፣ ቢደበቁ፣ መብራት ቢያጠፉ ለሁሉም ምላሽ አለኝ። እንብላ ለሚል የለኝም። ወረቀቱን ገለበጥኩ።

ሟቹ ገባ አልኳቸው። ተቀመጠ። እጁን ወደ ትሪው አልዘረጋም። የሚያየው ታላቅ ወንድሙን ብቻ ነው።

ሳቁ ቆመ። ዘይነባ ቀስ ብላ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የመጣው ለምግብ አይደለም። ወንድሙ ለምንድን ነው ለቅሶ ያልሄደው?»

መጽሐፉ አይናገርም። በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አፌ ግን መለሰ፦ ሥራ ይዞ ነበር፤ ጨርሼ እሄዳለሁ አለ፤ ሲጨርስ ሳምንት አልፏል፤ ከዚያ አርባው አለፈ፤ ከዚያማ አፈረ።

«ይሄማ ሰበብ ነው፣ ጋሼ» አለ ቶላ። «ታላቁን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ በሰበቡ እኔው አፈርኩ።»

ራሴን አሞኛል ብዬ ጨዋታውን አቋረጥኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አስቴር አረፈች ሲሉኝ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬን ሞልቶት ነበር። የአምስት ክፍል። አርሜ ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ። ባቱ የሁለት ሰዓት መንገድ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አረምኩ፣ እንደ ልማዴ። አንድም የድምር ስህተት አልተገኘበትም።

የዛሬ ሥራ፦ ምንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሂሩት ደወለች። መጨረሻውን ትፈልጋለች። ታላቁ ወንድም ዘግይቶም ቢሆን መቃብሩ ጋ ቢሄድ፣ ሟቹ ይቀበለዋል ወይ? ዳይሱ ስንት ቢወጣ?

ሰባት ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። አሥር፤ ሰረዝኩ። ቦታው ባዶ ነው። ያለ ቁጥር ቅዳሜ አልቀርብም አልኳት። የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ አለችኝ። ሒሳብ የሚያውቅ ማለቷ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ጠዋት 1፡30

ወሰንኩ። ነገ ሚካኤል ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ባቱ እሄዳለሁ። ለቅሶ የሚደረሰው ሳይነግሩ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ድንገት በሩን ማንኳኳት ድፍረት መሰለኝ። መልእክቱን አራት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው በዳይሱ ይጀምር ነበር፤ ቀደድኩት። በስልክ የላክሁለት ይኸው፦

«ገመቹ። አስቴርን አብሬህ ሳልቀብር ቀረሁ። ወረቀት እያረምኩ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገ መጥቼ ቤትህ ልቀመጥ እፈልጋለሁ፤ እንድታወራኝ አይደለም። አትምጣ የምትለኝ ከሆነ እሱኑ ጻፍልኝ፤ አልቀየምም። ዝም ብቻ አትበለኝ። ዛሬ ከስምንት ሰዓት በፊት መልስልኝ።»