መለከት ነፊዎቹ ያነሡት ግንድ

ወንድሜ አጥናፌ፣ ከአሶሳ እንደምን ሰነበትክ እልሃለሁ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ። ክረምት ሳይገባ ወንዙ ላይ ድልድይ ሥራ ተብዬ፣ የሥራው አለቃ ሆኜ ከየመንደሩ አሥራ ሁለት ጉልበተኞች መረጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ዋናውን ግንድ ማንሣት አቃታቸው፤ አንዱ ገመዱን ሲስብ ሌላው ይለቃል። እኔም ስጮህ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ።

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ጁምዓ ቆመው አዩና «ጉልበት አለ፤ መስማት የለም» አሉኝ። በማግሥቱ የራሳቸውን ሰዎች አመጡ፤ የቅል መለከት ነፊዎች ናቸው፣ ግማሾቹ ሸምገል ያሉ። እኛ አገር አንድ አዝማሪ ብቻውን ሰርግ ያደምቃል። እዚህ ግን የእያንዳንዱ መለከት ድምፅ አንድ ብቻ ነውና፣ ዜማ የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ገመዱንም እንደዚያው ሳቡት፤ ግንዱ ረፋድ ሳይሆን ተነሣ። ትናንት በድልድዩ ላይ የጨው ነጋዴዎች አህያ ነድተው ተሻገሩ!

ለእማማ ወለተ ሥላሴና ለእንጦጦ ሰው ሁሉ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላ። ለእኔም መለከት ሰጥተው ከረድፉ ዳር አቁመውኛል። እስካሁን ከተራው ቀድሞ እየነፋ ዜማውን የሚያበላሸው አለቃው ብቻ ነው።

ያንተው ደምሰው