«ቀጭ» የተጻፈበት መሳቢያ

ወንድምዓለም፣

የአሮጌው የጌም ማሽንህ በተን ተገኘ! «ኦሪጅናሉ ሲጫኑት ጠቅ አይልም፤ ቀጭ ነው የሚለው» ብለህ የጻፍክልኝን ወረቀት እዚህ ከተማ ላሉ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ሱቃቸው ውስጥ ሳሳይ አፍሬ ነበር፤ ሞዴል የለው፣ ቁጥር የለው። ቀና ብል ግን ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ ፊታቸው ላይ የተጻፈው ድምፅ ብቻ፦ ጠቅ፣ ቋ፣ ሲጥ፣ ቀጭ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ ሰፈር ቢሆን ሁሉም አንድ ካርቶን ውስጥ ተዘባርቆ ነበር።

ሽማግሌው «ቀጭ»ን ከፍተው አንድ በተን አወጡና በጥርሳቸው ይዘው ተጫኑት። «ጆሮዬ ደክሟል፤ አሁን የምሰማው በአጥንቴ ነው» አሉኝ። «ይሄን የጻፈው ልጅ ግን ጆሮ ነው ያለው! ገና የድምፅ ስም ያልወጣላቸው አርባ መሳቢያ አሉኝ፤ ሰምቶ እንዲሰይማቸው ልጁን ላክልኝ።»

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ከዚያ ሻንጣህን አዘጋጅ።