የጨርቆቻችንን ክርስትና ስለማንሣትዎ

ለክቡር ሙሴ ኮምላንቪ አግቤኮ
የጨርቅ ተራችን የማዘመኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሎሜ

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ፣ የደም ግፊትዎ ግን እንደ ማኅበራችን ካዝና ዝቅ ያለ ይሁንልዎ።

እኔ ከእናቴ በወረስኩት መደብ ላይ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባለፈው የዝናብ ወቅት ሰብስበውን «ድረ ገጽ የሌለው ነጋዴ በሩን ዘግቶ ደንበኛ የሚጠብቅ ነው» ሲሉን ከልቤ አጨብጭቤያለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ። ድንበር ተሻግሮ ኮቶኑ ከተማ ያለ ሰው ጨርቄን አይቶ፣ ዋጋውን አውቆ፣ ደውሎ ቢያዘኝ ምን እጠላለሁ? ሥራውን ለባለሙያ እንስጥ ስንልዎት ግን «እኔ እያለሁ!» ብለው ደረትዎን ስለመቱ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በገጼ ላይ ሪባን ሲቆርጡ የተነሡት ፎቶግራፍ እጅግ አምሮብዎታል። ጨርቄም ከክርንዎ ሥር፣ ልብ ብሎ ለፈለገው ይታያል።

ሁለተኛ፣ አድራሻዬን «ሎሜ» ብለው ስላሳጠሩት የከተማው ሕዝብ ሁሉ ጎረቤቴ ሆኗል። በስልኬ ቦታም የራስዎን ቁጥር አስፍረው ከደንበኞቼ ጭቅጭቅ ገላግለውኛል።

ሦስተኛ፣ እናቶቻችን ያወጧቸው የጨርቅ ስሞች ለዘመናዊ ሰው አይመጥኑም ብለው ሁሉንም እንደገና ክርስትና አንሥተዋቸዋል። ከተከፈተ የሽቦ ቤቷ ብርር ብላ የምትወጣ ወፍ ያለበትን፣ ሎሜ ውስጥ ሕፃን እንኳ «ብትወጣ እወጣለሁ» ብሎ የሚያውቀውን፣ ሚስት ውጭ ውጭ ለሚል ባሏ የምትለብሰውን ጨርቅ «የሰላም ወፍ» አሉት። ሚስት አግብተው የማያውቁ አንድ የኮቶኑ ሰው ለወንድማቸው ልጅ ጥሎሽ ሲገዙ፣ ለአማት ከሰላም የተሻለ ምን አለ ብለው ይህንኑ አዘዙ። እርስዎም ለማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ የጨርቁን መለያ ቁጥር ብቻ ላኩልኝ፤ ቆርጬ ሰጠሁ።

ጥሎሹ በሽማግሌዎች ፊት ሲከፈት የሙሽራዋ እናት ማዳም ደላሊ ጨርቁን ዘርግተው አዩና ወደ ባላቸው ዞሩ። «እነዚህ ሰዎች እኔ የማላውቀውን ምን ያውቁብሃል?» አሉ። ባልየው ገና ሳይመረመሩ መማል ጀመሩ። የሙሽራዋ አክስት ደግሞ «በይ እህቴ፣ ንጹሕ ሰው እንዲህ ያልበዋል?» ብለው ቤንዚን አርከፈከፉበት። ጥሎሹ ተመለሰ፣ ሰርጉ ቆመ፣ ሙሽራዋም እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

የሙሽራው ወገኖች ታዲያ ገጹ ላይ ያለው ስም የእኔ ነውና ሎሜን ሁሉ አስሰው መደቤ ፊት ሰደቡኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ በጣም ተናድጃለሁ። እናቴ በዚያ መደብ ላይ አንድም ሰው አሳስታ አታውቅም።

ማዳም ደላሊን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኩ። ሰርጉ እንዲቀጥል የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰው በዚያው ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ለብሰው ይምጡና ሰላሙ የቱ ጋ እንዳለ ለሽማግሌዎቹ ያሳዩ። ሸሚዙን አሰፍቼልዎታለሁ፤ ሆዱ ጋ ለቀቅ ይላል። ቅዳሜ ይጠበቃሉ። ድረ ገጹን ግን እባክዎ ለሚችል ሰው ይስጡልን።

በተሰበረ ስም፣ ባልተሰበረ ምላስና በታላቅ አክብሮት፣
ከ«ሎሜ» የምትጽፍልዎ
ማዳም ኤንዮናም አዳቤ

ማስታወሻ፦ ክብርት ባለቤትዎ ትናንት መጥተው አንድ ጨርቅ ገዝተዋል። በእርስዎ ገጽ «የንጋት ጮራ» ይባላል፤ እሳቸው ግን በጥንት ስሙ ጠርተው ነው የጠየቁኝ። ስሙን ማንኛዋም የገበያ ሴት ትነግርዎታለች፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ ቢጠይቁ ይሻላል።